ዳግም የወጣው ድንጋይ፦ አህጉራት እንዴት ተሠሩ?

የብስ መኖሩን እንደ ተራ ነገር እንቆጥረዋለን። ከእግራችን በታች ደረቅ መሬት አለ፤ ከዚያ ወዲያ ባሕር አለ። ነገር ግን የምድርን ከፍታና ዝቅታ በቁጥር ለሚያይ ሰው ነገሩ ተራ አይደለም። የየብስ አማካይ ከፍታ ከባሕር ጠለል በላይ 840 ሜትር ገደማ ነው። የውቅያኖስ አማካይ ጥልቀት ደግሞ 3,700 ሜትር ያህል ይደርሳል። በእነዚህ በሁለቱ መካከል የሚገኘው የምድር ገጽ ግን በጣም ጥቂት ነው። ምድራችን ከተራራ ጫፍ እስከ ባሕር ወለል ቀስ እያለች የምትወርድ ቁልቁለት አይደለችም፤ ባለ ሁለት እርከን ናት።

ባሕሩ ሁሉ ቢደርቅ እንኳ እርከኖቹ እዚያው ይቀራሉ። ልዩነቱ ያለው በድንጋዩ ነውና። የላይኛው እርከን ከአንድ ዓይነት ድንጋይ፣ የታችኛው ከሌላ ዓይነት ድንጋይ ተሠርቷል። እኔን ሁልጊዜ የሚደንቀኝ ግን ይህ አይደለም። ከባሕር በላይ ቀና ብሎ የቆመውን ድንጋይ፣ ማለትም አህጉርን፣ የሠራው ራሱ የባሕር ውሃ መሆኑ ነው። ይህ እንዴት ሊሆን እንደቻለ ላስረዳ።

በውቅያኖስ ወለል ሥር ያለው ቅርፊተ ምድር ውፍረቱ ሰባት ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን የተሠራውም ከባዛልት ነው። ባዛልት ማለት ብዙዎቻችን ለቤት መሠረት ሲደረደር የምናውቀው ጥቁር፣ ከባድ ድንጋይ ነው። አንድ ሊትር የሚሞላ ባዛልት ሦስት ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። የአህጉራት ቅርፊት ግን በአማካይ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ይወፍራል፤ አብዛኛው የላይኛው ክፍሉም ግራናይትና የግራናይት ዘመዶች ናቸው። የዚህ ድንጋይ አንድ ሊትር 2.7 ኪሎ ግራም ያህል ነው። ከሁለቱም በታች ማንትል የሚባለው ወፍራም የምድር ክፍል አለ፤ የእርሱ አንድ ሊትር 3.3 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። ማንትል ፈሳሽ አይደለም፤ ጠጣር ዐለት ነው። ሆኖም በሚሊዮን ዓመታት ሲታይ እንደ ወፍራም ሊጥ ቀስ ብሎ ይፈስሳል። ስለዚህ ቀላሉና ወፍራሙ የአህጉር ቅርፊት በላዩ ከፍ ብሎ ይንሳፈፋል፤ ከባዱና ቀጭኑ የውቅያኖስ ቅርፊት ዝቅ ብሎ ይተኛል። ውሃው የታችኛውን እርከን ሞልቶ ባሕር ሆነ።

ግራናይቱ ከየት መጣ? የሚቀለው ከማንትል በቀጥታ ወጣ ብሎ መመለስ ነበር። ግን ማንትል ሲቀልጥ የሚሰጠው ባዛልት እንጂ ግራናይት አይደለም። አንድ ጊዜ በማቅለጥ ብቻ አህጉር አይገኝም።

አረቄ ሲወጣ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ጥንስሱ ይጣዳል፤ በእሳቱ ቀድሞ የሚነሣው ክፍል በቱቦው አልፎ ይጠራቀማል፤ አተላው ከታች ይቀራል። የወጣው እንደገና ተጥዶ ሲወጣ ደግሞ ዳግም ይባላል። በዐለትም እንዲሁ ነው። በእርግጥ አረቄው የሚወጣው በእንፋሎት ሲሆን ዐለቱ የሚወጣው በቅልጥነት ነው፤ መርሁ ግን አንድ ነው። ዐለት በአንድ ጊዜ ሙሉ በሙሉ አይቀልጥም። ውስጡ ያሉት ማዕድናት የየራሳቸው ጠባይ ስላላቸው ቀድሞ የሚቀልጠው ክፍል ሲሊካ፣ ማለትም የሲሊከንና የኦክስጅን ውህድ፣ የበዛበት፣ ቀለል ያለው ነው። ማንትል ውስጥ የሲሊካ ድርሻ 45 በመቶ ያህል ነው። ማንትል በከፊል ቀልጦ የሚወጣው ባዛልት 50 በመቶ ገደማ ይይዛል። ባዛልቱ እንደገና በከፊል ሲቀልጥ የሚወጣው ድንጋይ ከ60 እስከ 70 በመቶ ይደርሳል። ባዛልት የመጀመሪያው አረቄ ነው፤ ግራናይት ዳግም ነው።

እዚህ ላይ ውሃው ይገባል። ደረቅ ባዛልትን እንደገና ለማቅለጥ ከ1,000 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ሙቀት ይጠይቃል። ውሃ በማዕድናቱ ውስጥ ከታሰረበት ግን ከ700 እስከ 800 ዲግሪ ባለው ሙቀት መቅለጥ ይጀምራል። ውሃ የማዕድናቱን ትስስር ያላላል፤ ለሲሊካ የበለጸገው ቅልጥ ቶሎ እንዲለይም መንገድ ይከፍታል። ውሃ ባይኖር ኖሮ ምድር ባዛልት በብዛት፣ ግራናይት ግን በጥቂቱ ብቻ ይኖራት ነበር። ጎረቤታችን ቬነስ በመጠን ከምድር ጋር ትቀራረባለች፤ ዛሬ ግን ባሕር የላትም፣ ቅርፊቷም እንደ ምድር ፕሌት በሚባሉ በሚንቀሳቀሱ ትላልቅ ቁራጮች የተከፋፈለ አይደለም፤ ገጿም በአብዛኛው ባዛልት ነው።

ባዛልት ውሃ የሚጠጣው በባሕር ወለል ላይ ነው። አዲስ ባዛልት ከውቅያኖስ መካከል ሲወጣ ይሰነጣጠቃል፤ የባሕር ውሃ በስንጥቁ ይገባል፣ ይግላል፣ ከማዕድናቱ ጋር ይዋሃዳል። ጥቁሩ ድንጋይ ቀስ በቀስ ወደ አረንጓዴነት ይለወጣል። ውሃው ከእንግዲህ ጠብታ አይደለም፤ የድንጋዩ አካል ሆኗል። ቀጥሎ የሚያስፈልገው ይህ እርጥብ ባዛልት ወደሚግልበት ጥልቀት እንዲወርድ ነው። እንግዲህ የአህጉራት ታሪክ ሙሉ በሙሉ በአንድ ጥያቄ ላይ ይቆማል፦ እርጥቡን ባዛልት ወደ ታች ያወረደው ማን ነው?

ዛሬ የሚያወርደው የፕሌቶች እንቅስቃሴ ነው። የምድር ውጫዊ ክፍል በእነዚህ ትላልቅ ቁራጮች የተከፋፈለ ሲሆን ቁራጮቹ በዓመት ጥቂት ሴንቲ ሜትር ይንቀሳቀሳሉ። የውቅያኖስ ፕሌት ከተወለደበት ቦታ እየራቀ ሲሄድ ይቀዘቅዛል፣ ይከብዳል፣ በመጨረሻም ጫፉ ወደ ማንትል ይሰምጣል። በጥልቀት ግፊቱ ባዛልቱን ኤክሎጋይት ወደሚባል ድንጋይ ይለውጠዋል፤ የዚህ አንድ ሊትር 3.5 ኪሎ ግራም ያህል ስለሚመዝን ከማንትሉም ይከብዳል። ጫፉ ከአልጋ ላይ የወረደና ውሃ የጠጣ ጋቢ የቀረውን እየጎተተ እንደሚወስደው ሁሉ፣ የሰመጠው ጫፍ ፕሌቱን በሙሉ ይጎትተዋል። ፕሌቶችን ከሚያንቀሳቅሱት ኃይሎች ትልቁ ይህ ነው።

የሰመጠው ፕሌት 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲወርድ የታሰረው ውሃ ይለቀቃል። ውሃው ከላዩ ያለውን ማንትል ያርሰዋል፣ ያቀልጠዋል። የሚወጣው ባዛልት ከላይ ያለው ቅርፊት ሥር ይጠራቀማል፤ እዚያ ይቀዘቅዛል፣ ይለያል፣ እንደገና ይቀልጣል። በአንዲስ፣ በጃፓንና በኢንዶኔዥያ የተሰለፉት እሳተ ገሞራዎች የዚህ ሥራ ምልክቶች ናቸው። ከባዱ አተላም ብዙውን ጊዜ ከቅርፊቱ ሥር ተገንጥሎ ወደ ማንትል ይመለሳል። ባይመለስ ኖሮ አህጉራት አሁን ካሉት በላይ ከባድና ጥቁር በሆኑ ነበር።

እስከዚህ ድረስ ብዙ ክርክር የለም። ክርክሩ የሚጀምረው ወደ ኋላ ስንሄድ ነው።

ምድር 4.54 ቢሊዮን ዓመት ዕድሜ አላት። የዛሬው የውቅያኖስ ወለል ግን ወደ ማንትል እየተመለሰ ስለሚታደስ በሰፋፊዎቹ ውቅያኖሶች ከ200 ሚሊዮን ዓመት የሚበልጥ አይገኝበትም። የጥንቱን ታሪክ ይዘው የቀሩት አህጉራት ብቻ ናቸው፤ ለዚህም ነው የምድር ማኅደር የምላቸው። ዕድሜያቸው በትክክል ከተለካው ዐለቶች ጥንታዊ የሚባለው በሰሜን ምዕራብ ካናዳ የሚገኘው የአካስታ ዐለት ሲሆን 4.03 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ይሆነዋል። ከዚያ በፊት የነበሩት 500 ሚሊዮን ዓመታት ያስቀሩልን ቅንጣቶችን ነው። በምዕራብ አውስትራሊያ ጃክ ሂልስ በሚባል ቦታ፣ ከእነርሱ በጣም ዘግይቶ በተሠራ የአሸዋ ድንጋይ ውስጥ፣ ከአሸዋ ቅንጣት የማይበልጡ ዚርኮን የተባሉ ማዕድናት ተገኝተዋል። ከእነርሱ አንዱ 4.4 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ነው።

ዚርኮን ጥሩ ምስክር ነው። ሲፈጠር ዩራኒየምን ይቀበላል፤ እርሳስን ግን አያስጠጋም። ዩራኒየም በታወቀ ፍጥነት ወደ እርሳስ ስለሚለወጥ፣ ዛሬ ውስጡ የሚገኘው እርሳስ በሙሉ ማለት ይቻላል ከተፈጠረ በኋላ የተጠራቀመ ነው። ሁለቱን መለካት ዕድሜውን ይሰጣል። ከዚህም በላይ አንዳንዶቹ የጃክ ሂልስ ዚርኮኖች የያዙት ኦክስጅን ከተለመደው ከበድ ያለ ነው፤ ይህ የሚሆነው የተገኙበት ቅልጥ ቀደም ሲል በምድር ገጽ ላይ በፈሳሽ ውሃ የተነካ ድንጋይ ሲቀልጥ ነው። ስለዚህ ምድር ገና በጨቅላነቷ፣ ከ4 ቢሊዮን ዓመት በፊት፣ ውሃ ነበራት፤ ውሃ የነካው ድንጋይም በሆነ መንገድ ወደ ታች ወርዶ ቀልጧል።

በሆነ መንገድ ያልኩት አውቄ ነው። የወረደበት መንገድ የግድ የዛሬው ዓይነት የፕሌት መስመጥ መሆን የለበትም። የጥንቷ ምድር በጣም ሞቃት ነበረች። ከሦስት ቢሊዮን ዓመት በፊት በውስጧ ያሉት ራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገሮች የሚያመነጩት ሙቀት ከአሁኑ ቢያንስ ሁለት እጥፍ ያህል ነበር። ለዚህ የደቡብ አፍሪካው የባርበርተን አካባቢ ማስረጃ አለው። እ.ኤ.አ. በ1969 መንትዮቹ ሞሪስና ሪቻርድ ቪልዮን በዚያ በኮማቲ ወንዝ አጠገብ ያገኙትና ኮማቲያይት ብለው የሰየሙት የላቫ ዐለት፣ ከምድር ሲወጣ 1,600 ዲግሪ ገደማ ይግል ነበር። የዛሬ ባዛልት 1,200 ዲግሪ አካባቢ ነው። በእንዲህ ያለ ሙቀት ፕሌት ቢሰምጥ እንኳ ለስላሳ ስለሚሆን ጫፉ ይበጠሳል፤ የቀረውን ለመጎተት ጉልበት አያገኝም።

ስለዚህ አንዱ ወገን እንዲህ ይላል፦ የጥንቷ ምድር ቅርፊት ምጣድ ላይ እንደተደፋ አክንባሎ አንድ ወጥ ክዳን ነበር። ከታች ሙቀት እየገፋ ባዛልት ያወጣል፤ ባዛልት በባዛልት ላይ ይደረባል። ክምሩ ሲወፍር የሥረኛው ክፍል በላዩ ካለው ሸክም የተነሣ ወደ ጥልቀት ይወርዳል፤ ባሕር ሥር ሳለ የጠጣውን ውሃ ይዞ ይግላል፣ በከፊል ይቀልጣል። ከዚያ የሚወጣው ድንጋይ ቶናላይትና ዘመዶቹ ናቸው፤ ከግራናይት ጋር የሚመሳሰሉ፣ ሶዲየም የበዛባቸው። የቀረው ከባድ አተላም እንደ ጠብታ ወደ ማንትል ይወርዳል። በዚህ አስተሳሰብ አህጉር የሚወለደው በጎን በመገፋፋት ሳይሆን በቁም፣ ወደ ላይና ወደ ታች በመለዋወጥ ነው።

ይህን ሐሳብ ለማየት ወደ ምዕራብ አውስትራሊያው ፒልባራ መሄድ ነው። ከሳተላይት ሲታይ መሬቱ በትላልቅ ክብ ቅርጾች የተሞላ ነው። ከ3.5 እስከ 3.2 ቢሊዮን ዓመት በፊት እንደ ጉልላት የተነሡ የግራናይት ዐለቶች አሉ፤ በመካከላቸው አረንጓዴው ባዛልት ተጨምቆ ሰርጓል። ቀላሉ ተነሥቷል፣ ከባዱ ሰጥሟል። ይህን ገጽታ አይቶ የቁሙን ንድፈ ሐሳብ አለመቀበል ከባድ ነው፤ እኔም ቢያንስ ለምሥራቅ ፒልባራ ትክክል ይመስለኛል።

ሆኖም ሌላው ወገንም ከዚያው ከፒልባራ ማስረጃ አለው። ላቫ ሲቀዘቅዝ በውስጡ ያሉ ጥቃቅን ማዕድናት የዘመኑን የምድር መግነጢስ አቅጣጫ ይዘው ይቀራሉ። የመግነጢሱ ዘንበል ማለት ላቫው በየትኛው ኬክሮስ ላይ እንደወጣ ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ2020 በታተመ ጥናት ተመራማሪዎች ከ3.2 ቢሊዮን ዓመት በፊት የወጣውን የፒልባራ ባዛልት ለክተው ቦታው በዓመት ቢያንስ 2.5 ሴንቲ ሜትር ይጓዝ እንደነበር አገኙ። ይህ የዛሬ ፕሌቶች ፍጥነት ነው። ክዳኑ ያን ጊዜ ቢያንስ በከፊል ተሰንጥቆ ይንቀሳቀስ ነበር ማለት ነው።

ሁለተኛው ምስክር አልማዝ ነው። አልማዝ ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ ጥልቀት ሲፈጠር የአካባቢውን ማዕድናት በውስጡ አስሮ ያስቀምጣል፤ እንደ ታሸገ ደብዳቤ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ስቲቨን ሺሪና ስቲቨን ሪቻርድሰን ከብዙ ቦታዎች የተሰበሰቡትን የእነዚህን ማዕድናት ዕድሜ አነጻጸሩ። ከ3.2 ቢሊዮን ዓመት በፊት በነበሩት አልማዞች ውስጥ የተገኘው የማንትል ማዕድን ብቻ ነው። ከ3 ቢሊዮን ዓመት ወዲህ ግን ኤክሎጋይት፣ ማለትም የሰመጠ ባዛልት፣ ይታያል። ከዚያ ዘመን ጀምሮ የባሕር ወለል ድንጋይ ወደ አህጉራት ሥር ይወርድ ነበር።

ታዲያ ፕሌቶች መቼ ጀመሩ? ጥያቄው አንድ ቀን የሚጠይቅ መምሰሉ ያሳስተናል ብዬ አስባለሁ። ዳቦ የሚበስለው ከየትኛው ደቂቃ ጀምሮ ነው ብሎ እንደመጠየቅ ነው። በአንድ ቦታ ክዳን፣ በሌላ ቦታ ስንጥቅ፣ አንዳንዴ የጀመረና የተቋረጠ መስመጥ ሊኖር ይችላል። ይሁንና 3 ቢሊዮን ዓመት አካባቢ የሆነ ነገር መለወጡን ብዙ መስመሮች ያሳያሉ። በዚያን ጊዜ ዛሬ ካለው የአህጉር ቅርፊት ከግማሽ የሚበልጠው ተሠርቶ ነበር የሚሉ ስሌቶች አሉ፤ ከዚያ ወዲህ እድገቱ ቀዝቅዟል። ምክንያቱም የሚሰምጡት ፕሌቶች አዲስ ቅርፊት ብቻ አይደለም የሚሠሩት፤ አሮጌውንም እየፋቁ ወደ ታች ይወስዳሉ። ፋብሪካውም ወፍጮውም አንድ ላይ ሥራ ጀመሩ።

ቅርፊቱም ወፈረ። ሲወፍር ከባሕር በላይ ብቅ አለ፤ ሲወጣ ዝናብ አገኘው፤ ዝናቡ አጥቦ ጭቃውን ወደ ባሕር አወረደው። ይህ ጭቃ እርጥብ ነው፣ ፖታሲየምም ይበዛበታል። ተመልሶ ሲቀበርና ሲቀልጥ ደግሞ ፖታሲየም የበዛበትን እውነተኛ ግራናይት ሰጠ። የጥንቶቹ አህጉራት በቶናላይት የተሞሉ ሆነው ሳለ ከ3 እስከ 2.5 ቢሊዮን ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ሮዝ ቀለም ያለው ግራናይት የበዛው ለዚህ ነው። እርሱ ሦስት ጊዜ የወጣ አረቄ ነው ቢባል ያስኬዳል።

የእኛ አገር በዚህ ታሪክ ውስጥ ስፍራ አላት፤ ያውም ትልቅ ስፍራ። ከኢትዮጵያ ባዛልትና ከአሸዋ ድንጋዩ ሥር በሰሜን፣ በምዕራብና በደቡብ ብቅ የሚለው አሮጌ ዐለት አረቢያ ኑቢያ ጋሻ ከሚባለው ሰፊ ቅርፊት ጋር የተያያዘ ነው። ይህ ጋሻ ግብፅን፣ ሱዳንን፣ ኤርትራን፣ ኢትዮጵያን፣ የመንንና ምዕራብ ሳዑዲ አረቢያን ያካልላል፤ ቀይ ባሕር ያቋረጠው በቅርብ ነው። ከ900 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት እዚህ አህጉር አልነበረም፤ ጂኦሎጂስቶች የሞዛምቢክ ውቅያኖስ የሚሉት ባሕር ነበር። በባሕሩ ውስጥ ፕሌቶች ሲሰምጡ እንደ ዛሬዋ ኢንዶኔዥያ የእሳተ ገሞራ ደሴቶች ተሰለፉ። ባሕሩ ሲጠብ ደሴቶቹ እርስ በርስ ተጋጩ፣ ተጣበቁ፤ በመጨረሻም ጎንድዋና በሚባለው ታላቅ አህጉር መካከል ተሰፉ።

ይህን በትግራይ ማየት ይቻላል። በተምቤንና በነጋሽ አካባቢ ከታች የእነዚያ ደሴቶች እሳተ ገሞራ ዐለት አለ፤ ከላዩ በዚያው ባሕር ውስጥ የተከማቸ ደለልና የኖራ ድንጋይ ተደርቦ፣ በግጭቱ ተጣጥፎ ይታያል። በደቡብ ከአዶላ እስከ ሞያሌ ባለው ቀበቶ ደግሞ ኦፊዮላይት የሚባሉ የጥንቱ ባሕር ወለል ቁራጮች አሉ፤ መስመጥ ሲገባቸው በግጭቱ ወደ ላይ ተገፍተው የቀሩ። የአዶላ ወርቅም የሚገኘው በዚሁ ቀበቶ ነው። ሲታጠፍና ሲሰነጠቅ በነበረው ዐለት ውስጥ ትኩስ ውሃ እየተዘዋወረ ወርቁን በየስንጥቁ አስቀምጦታል። ለወርቁም ውሃው አልቀረም።

ጋሻው ለሳይንሱ ክርክርም ማዕከል ሆኗል። ይህን አካባቢ ለረጅም ዓመታት ያጠናው አሜሪካዊው ጂኦሎጂስት ሮበርት ስተርን ዘመናዊው የፕሌት እንቅስቃሴ የጀመረው ከአንድ ቢሊዮን ዓመት ወዲህ ነው ብሎ ይከራከራል። መከራከሪያው ቀላል አይደለም፦ ቀዝቃዛ ፕሌት በጥልቀት ሲሰምጥ ብቻ የሚሠራው ሰማያዊ ሺስት የተባለ ዐለት ከዚያ በፊት በነበሩ ቀበቶዎች ውስጥ አይገኝም፤ ኦፊዮላይትም የሚበዛው ከዚያ ወዲህ ነው። ብዙዎች አይስማሙበትም፤ የጥንቷ ምድር ስለሞቀች መስመጡ ቢኖርም ሰማያዊ ሺስት ሊሠራ አይችልም ነበር ይላሉ። እኔ ወደ እነዚህ አዘነብላለሁ፤ የአልማዙ ማስረጃ ያመዝንብኛል። ስተርን ግን አንድ ነገር በትክክል ይዟል፦ በጋሻው ላይ የምናየው ንጹሕ፣ ቀዝቃዛ፣ ጥልቅ የሆነ መስመጥ በፒልባራ ዘመን ከነበረው ጋር አንድ አይደለም። ምድር እየበረደች ስትሄድ ሥራዋም ተለውጧል።

ዛሬ ያ ጋሻ እንደገና እየተከፈለ ነው። በመስከረም 1998 ዓ.ም. በአፋር በዳባሁ እሳተ ገሞራ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው ስንጥቅ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በቅልጥ ዐለት ተሞልቶ በአንዳንድ ቦታ እስከ 8 ሜትር ተከፈተ። በደናክል ቅርፊቱ ከ20 ኪሎ ሜትር በታች ሳስቷል፤ የላይኛው የኢትዮጵያ ደጋ ቅርፊት ከዚህ እጥፍ ይወፍራል። የኤርታ አሌ ላቫ በአብዛኛው ባዛልት ነው፤ ገና ከማንትል የወጣ፣ ውሃ ያልጠጣ፣ የመጀመሪያው አረቄ። ቀይ ባሕር ቀድሞም ወደ ደናክል ገብቶ ጨውና የኮራል ድንጋይ ትቶ ሄዷል። ስንጥቁ እየሰፋ ከቀጠለ ተመልሶ ይገባል፤ ባዛልቱም ውሃውን መጠጣት ይጀምራል።